ምንም ጉዳት ያልደረሰበት እግር

ለተከበሩ የተሻሻሉ የጎዳና መኪኖች የአማተር አሽከርካሪዎች ውድድር አዘጋጅ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ሊቀመንበር፣

ይህ ጽሑፍ ሲደርስዎ እርስዎም ሆኑ የተከበሩት ባለቤትዎ በሙሉ ጤንነት ላይ እንደምትገኙ አልጠራጠርም። የእርስዎን ጤንነት በተለይ በዐይኔ አረጋግጫለሁ፤ ባለፈው እሑድ ከክብር እንግዶች ድንኳን ወጥተው በድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ በሮጡበት ፍጥነት ጉልበትዎም ሳንባዎም እንከን እንደሌለባቸው የተመለከተ ሁሉ ይመሰክራል። አዋላጅ ነርስ ስለሆንኩ እንዲህ ያለው ነገር አያመልጠኝም።

በስም ባያውቁኝ በመኪናዬ ያውቁኛል። ቀለሟ የለቀቀው፣ ብርድ ሲሆን አልነሣም እያለች ስለምታስቸግር ባለቤቴ "አኩራፊዋ" ብሎ የሰየማት ትንሿ መኪና የእኔ ናት። ባለቤቴ በያጅ ነው፤ ከሥራ ሲመለስ እንደ ሰው አረፍ ከማለት እርሷ ሥር ገብቶ ይተኛል። ከተጋጨ ትልቅ መኪና ላይ የፈታውን ፍሬን ገጠመላት፤ ሞላዎቿን አሳጥሮ ወደ መሬት ዝቅ አደረጋት፤ ሞተሯንም በትኖ መልሶ ገጠመና ድሮ እያሳላት ትወጣው የነበረውን ዳገት እያንጎራጎረች እንድትወጣው አደረገ። ሰዎች "ለሚስትህ ይህ ሁሉ ፍጥነት ምን ያደርግላታል?" ሲሉት "እኔ የሠራሁላት መሄጃ ሳይሆን መቆሚያ ነው" ይላቸዋል። በሥራ ቀን ምጥ ወደያዛቸው እናቶች የምሄደው በእርሷ ነው፤ እሑድ ደግሞ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ደስ ስለሚለኝ እወዳደርባታለሁ።

ለኮሚቴዎ ያለኝ አክብሮት ቅሬታ እንዳቀርብ ስለማይፈቅድልኝ የሚከተሉትን ምስጋናዎች በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ደንቡን ስለተረጎሙልን። የውድድሩ ደንብ ማንኛውም መኪና ሰሌዳ ያለው፣ በየዕለቱ በጎዳና የሚነዳና በራሱ ጎማ ተንከባልሎ ወደ ሜዳው የሚመጣ መሆን አለበት ይላል። ይህን አምነን ጠዋት ተሰልፈን ገባን፤ ጥርስ ሐኪሙ ልጆቹን ከኋላ ወንበር አውርዶ፣ ዳቦ ጋጋሪው የዱቄት ብናኝ ከመሪው ላይ እየጠረገ፣ ታክሲ ነጂውም የመጨረሻውን ተሳፋሪ ሜዳው በር ላይ አራግፎ። የባለቤትዎ ታናሽ ወንድም መኪና ግን፣ ጎኗ ላይ "መብረቅ" ተብሎ በትልቁ የተጻፈባት፣ በጭነት መኪና ጀርባ ላይ ሸራ ተከናንባ እንደ ሙሽራ ታጅባ መጣች። ታክሲ ነጂው "ይቺ ልጅ ጎዳና የሚባል ነገር መኖሩን ሰው ነግሯት ያውቃል?" ብሎ ቢጠይቅ፣ እርስዎ በትዕግሥት "የመጣችው በጎዳና ነው፤ ጭነት መኪናው በሰማይ አልበረረም" ሲሉ አስረዱት። ከዚያ ወዲህ ደንቡን ለመረዳት የተቸገረ የለም።

ሁለተኛ፦ ለውበት ስላለዎት ዐይን። ፈተናዎቹ ሦስት እንደነበሩ ለአንባቢ ላስታውስ፤ በኮኖች መሐል መጠማዘዝ፣ ሜዳውን መዞር፣ በመጨረሻም ፈጥኖ መቆም። በዚህ በሦስተኛው መኪናው በሙሉ ኃይሉ ከሮጠ በኋላ በነጭ ቀለም በተሰመረ ሳጥን ውስጥ ቀጥ ማለት አለበት። መቆም ያቃተው ቢኖር ብለን ቅዳሜ ተወዳዳሪዎቹ ራሳችን አሮጌ ጎማ በትከሻችን እየተሸከምን ከሳጥኑ ባሻገር ደርድረን ነበር። እሑድ ረፋድ ላይ መጥተው የእንግዶቹ ድንኳን "ጥሩ እይታ ካለበት ቦታ" እንዲተከል አዘዙ፤ ቦታውም ልክ ከሳጥኑ ፊት ለፊት ሆኖ ተገኘ። ጎማዎቹ እይታ ስለሚከልሉና ጥቁረታቸው ከድንኳኑ ነጭ መጋረጃ ጋር ስለማይስማማ እንዲነሡ አደረጉ። መኪና ማቆሚያው ድንኳኑ ራሱ እንዲሆን ታስቦ ከነበረ ሳይነገረን መቅረቱ ብቻ ቅር ይለኛል።

ሦስተኛ፦ ጋሽ ፊሽካን ስለጋበዙልን። ጋሽ ፊሽካ ጡረታ የወጡ የስፖርት አስተማሪ ናቸው፤ የከተማው ግማሽ ያህል ሰው በልጅነቱ በእርሳቸው ፊሽካ ሮጧል፣ በእርሳቸው ፊሽካ ቆሟል። አሁንም ጠዋት ጠዋት በሰፈራችን ሲሮጡ እኛ ገና ዐይናችንን እያሸን እናያቸዋለን። ባንዲራ ይዘው ከሳጥኑ አጠገብ እንዲቆሙልን ቤታቸው ድረስ ሄደው የለመኗቸው እርስዎ ነዎት፤ ለዚህ ከልቤ አመሰግናለሁ፣ ምክንያቱም እርሳቸው ባይኖሩ ኖሮ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለማጽናናት ይሆን ነበር።

ሁለቱ ፈተናዎች ሲያልቁ አኩራፊዋ ከሁሉም ፊት ነበረች፤ መብረቅ ትከተላት ነበር። ባለቤቴ ከጎኔ ቆሞ በመስኮቱ በኩል "ዋ፣ እንዳትቸኩዪ፤ መቆም ነው፣ መቆም" እያለ ይመክረኛል። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ዋንጫውን ቤቴ ውስጥ የት እንደማስቀምጠው እያሰብኩ ነበር። ከእኔ በፊት ተረኛዋ መብረቅ ናት። ተነሣች። ሳጥኑ ጋ ደረሰች፤ ሳጥኑን አለፈች። የፍሬን ጩኸት ስንጠብቅ የሰማነው የሞተር ጩኸት ነው።

ያን ጊዜ ፊሽካው ተነፋ። ክቡር ሆይ፣ ያ ድምፅ ስንት ዓመት ሙሉ አካላችን ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል መሰለኝ፣ ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ምን እንደመጣበት ሳያይ ወንበሩን ትቶ ሮጠ። እርስዎም ቀደሙ፤ መሪ መቅደም አለበትና አልፈርድብዎትም። የተከበሩት ባለቤትዎ ግን ጫማቸው በድንኳኑ ገመድ ተጠልፎ ወደቁ። ጋሽ ፊሽካ ዳር ላይ ነበሩ፣ ለእርሳቸው የሚያሰጋ ነገር አልነበረም። ባንዲራቸውን ጥለው ወደ ድንኳኑ ውስጥ ገቡ፤ ባለቤትዎን ብብታቸው ሥር ይዘው ወደ ጎን ወረወሯቸው። መኪናዋ ድንኳኑን ይዛ ስታልፍ እርሳቸውንም እግራቸው ላይ መታቻቸው።

አራተኛ፦ አምቡላንስ ስላዘጋጁልን። አምቡላንሱ በእርግጥ ነበረ፣ ንጹሕም ነበረ። ከፊቱ የእርስዎ መኪና፣ ከኋላው ያ ጭነት መኪና ቆመውበት ስለነበር ሊነቃነቅ አልቻለም። የአምቡላንሱ ነጂ እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ "ቁልፉ ሾፌራቸው ጋ ነው፤ ሾፌራቸው ደግሞ ምሳ ሄዷል" አለኝ። ስለዚህ እኔ ቦርሳዬን ይዤ ሮጥኩ፣ የጋሽ ፊሽካን ደም አቆምኩ፣ ባለቤቴም አኩራፊዋን አጠገባቸው አምጥቶ አቆመልኝና ከኋላ ወንበር ላይ አስተኛናቸው። እርሱ እግራቸውን ይዞ፣ እኔ መሪውን ይዤ ወጣን። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ነድቼ አላውቅም፤ የተሻሻለች መኪና ለምን እንደምትጠቅም ለሚጠይቁኝ ሁሉ መልስ አገኘሁ። ጋሽ ፊሽካ ፊታቸው ወይቦ፣ ላባቸው እየወረደ፣ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ ሁሉም ወጡ?"

"ሁሉም ወጥተዋል ጋሼ፣ አይናገሩ።"

"ሊቀመንበሩስ?"

ደህና እንደሆኑ ነገርኳቸው። "እሰይ" ብለው ዐይናቸውን ጨፈኑ። ለሃያ ዓመት ያህል የሰው ሕመም ሳይ ኖሬ እንባ መንገዱን ሲጋርድብኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

አምስተኛ፦ ስለ ሰሌዳው። እግራቸውን ደግፌ የማስርበት እንጨት ሳጣ ከመስመሩ ዳር የተተከለውን "ፍጻሜ" የሚለውን የኮሚቴውን ሰሌዳ ነቅዬ አስሬበታለሁ። ድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ የተቀበለን ወጣት ሐኪም ጽሑፉን ሲያነብ ለጥቂት ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት ነበር። ጸሐፊዎ ሰኞ ዕለት ስልክ ደውለው ሰሌዳው እንዲመለስ በጠየቁት መሠረት አጥቤ አስቀምጬዋለሁ፤ አንዱ ጥግ ላይ ያለው ደም ግን አልለቅ ብሏል፤ ሲረከቡት ያዩታል።

ስድስተኛ፦ ጸሐፊዎ በዚያው ስልክ ከውድድሩ መሰረዜን በጨዋ አነጋገር ነግረውኛል። ጥፋቶቼ ሁለት ናቸው፤ ተራዬ ደርሶ ሳለ ያለ ፈቃድ ሜዳውን ለቅቄ መውጣቴና የራስ ቁር ያላደረገ ተሳፋሪ መጫኔ። ዋንጫውም ፈጥኖ በመቆም ፈተና ላይ "ከፍተኛውን ፍጥነት ላስመዘገበችው" ለመብረቅ ተሰጥቷል። ስለ ፍጥነቱ አልከራከርም።

ሰባተኛውን ምስጋና ለመጻፍ ግን እጄ ከብዶኛል።

ጋሽ ፊሽካ ከቀዶ ሕክምናው ነቅተው በማግስቱ አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው ሳለ፣ የኮሚቴዎ መግለጫ በአጠገብ አልጋ ካለው ሕመምተኛ ሬዲዮ ተነበበ። "ውድድሩ በማንም ላይ ምንም ጉዳት ሳይደርስ በሰላም ተጠናቋል፤ አንድ ተመልካች የተከለከለውን ገመድ ጥሶ በመግባቱ ወድቆ የነበረ ቢሆንም" ይላል። ልጃቸው ሬዲዮውን ለማጥፋት ተነሣች። እርሳቸው በእጃቸው ተይው አሏትና እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ በብረት ተወጥሮ የተንጠለጠለውን እግራቸውን ረጋ ብለው ተመለከቱት።

"እንግዲህ ይሄ እግር የማንም አይደለም ማለት ነው" አሉ።

ክፍሉ ውስጥ የነበርን ሁሉ ሳቅን፤ እርሳቸውም ሳቁ። ልጃቸው ግን ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ አለቀሰች። "አባቴ ዕድሜ ልኩን ሰው ከመስመር እንዳይወጣ ሲጠብቅ ኖሮ፣ በመጨረሻ ገመድ የጣሰ ሽማግሌ ይባል?" አለችኝ። ሐኪሞቹ እግሩ እንደሚድን፣ እንደ ቀድሞው መሮጥ ግን እንደማይችሉ ነግረዋታል። እርሷ ለእርሳቸው ይህን ገና አልነገረቻቸውም። እኔም አልቻልኩም። መግለጫ ማውጣት ልምድዎ ስለሆነ ምናልባት እርስዎ ይነግሯቸው ይሆናል።

ክቡር ሆይ፣ የምጠይቀው ጥቂት ነው። መግለጫውን በሰጡበት በዚያው ሬዲዮ ጋሽ ፊሽካ ተመልካች እንዳልነበሩ፣ በእርስዎ ጥያቄ ሥራ ላይ እንደነበሩና ወደ ድንኳኑ ለምን እንደገቡ ይናገሩ። ስሜ ከውጤት ሰሌዳው ላይ እንደተሰረዘ ይቆይልኝ፤ በዚያ በኩል ምንም ቅሬታ የለኝም፤ እንዲያውም የተሰረዘበትን ምክንያት ጭምር ቢለጥፉልኝ ደስ ይለኛል። ዋንጫውንም አልፈልገውም። ጥርስ ሐኪሙ፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ታክሲ ነጂውና ሌሎቹም ተወዳዳሪዎች ይህን አንብበው ተስማምተዋል፤ ጋሽ ፊሽካን በተመለከተ እውነቱ እስኪነገር ድረስ ኮሚቴዎ በሚያዘጋጀው ሜዳ ላይ መኪናችንን ላለማስነሣት ወስነናል። ውድድር ያለ ተወዳዳሪ ማካሄድ ለሌላ ሰው ሊከብድ ይችላል፤ ጉዳት ያለ ተጎጂ ማካሄድ ለቻለ ኮሚቴ ግን ቀላል እንደሚሆን እናምናለን።

ጊዜዎን ሰውተው ይህን ስላነበቡ፣ ካላነበቡም አንብቦ ለሚነግርዎ ሰው፣ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለኮሚቴዎ የተሻለ ትውስታ፣ ለድንኳንዎም የተሻለ ቦታ እመኛለሁ።

ከታላቅ ትሕትና ጋር፣
የተሰረዘችው ተወዳዳሪ፣
አዋላጅ ነርስ፣ የበያጁ ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ የደረሰ ስለሆነ መጨመር ግድ ሆነብኝ። የባለቤትዎ ወንድም ዛሬ ጠዋት ማንም ሳያስገድደው ትራፊክ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ገብቶ ቃሉን ሰጥቷል። መኪናዋ ጎዳና ላይ ተነድታ እንደማታውቅ፣ ፍሬኗን አስቀድሞ እንዳልሞከረው፣ ደንግጦም በፍሬን ፋንታ ነዳጅ መስጫውን እንደረገጠ ሁሉንም አንድ በአንድ ተናግሯል፤ ጎማዎቹን ማን እንዳስነሣ ሲጠየቅም አልሸሸገም። አስቀድሞ ሊያማክርዎ ደጋግሞ ቢደውልም ስልክዎን እንዳላነሡለት ነግሮኛል። በምስክርነት አብረውት የገቡት እኅቱ፣ የተከበሩት ባለቤትዎ ናቸው። ምሳ ሰዓት ቤት ገብተው ቢያጧቸው አይጨነቁ፤ ጋሽ ፊሽካ ዘንድ ናቸው። ከዋናው በር ሲገቡ በስተግራ ያለው ክፍል ነው።