ጅጅጋ በስተግራ፣ ማርቆስ በስተቀኝ

ዓርብ፣ 2010 ክረምት

ደግሞ ተጣላን። ግርማ የልጃችንን የመክሊትን ደብተር አንስቶ መሃል ገጹ ላይ መስመር አሰመረ፤ ጅጅጋ በስተግራ፣ የሱ አገር ደብረ ማርቆስ በስተቀኝ። ባሌ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ሁሉን ነገር ካላሰላ እንቅልፍ አይወስደውም። የዝውውር ፎርም አምጥቷል፤ አንድ ለሱ፣ አንድ ለኔ፤ እኔም የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ።

ውሃ፦ እዚህ ከአህያ ጋሪ በጀሪካን፣ እዚያ ከቧንቧ። ማርቆስ።
መብራት፦ ሁለቱም ጋ ይጠፋል።
ጤፍ፦ ማርቆስ።
ሩዝ፣ ዘይት፣ ልብስ፦ ጅጅጋ። በኮንትሮባንድ ማን ይወዳደረናል?
ትምህርት ቤት፦ ማርቆስ።
ዘመድ፦ ለሱ ማርቆስ፣ ለኔ ጅጅጋ። አያቴ ወታደር ሆኖ መጥቶ እዚሁ ቀረ፤ እናትና አባቴም የተቀበሩት እዚሁ ነው።

መጨረሻ ላይ ሰላም የሚል ጻፈና ፊቱን ባዶ ተወው። እስክሪብቶውን ነጥቄ ጅጅጋ ብዬ ጻፍኩ፣ ሁለት ጊዜም አሰመርኩበት። ተወልጄ እዚህ እስክደርስ ማንም ክፉ ተናግሮኝ አያውቅም አልኩት። ውሸቴን ነው፤ ተናግረውኛል። ግን ለሱ አልነግረውም።

ቅዳሜ

ፊደሌ አይነበብም።

ጠዋት ግርማ ማጠናከሪያ ሊያስተምር እንደወጣ ተኩስ ተሰማ፣ ከዚያ ጭስ። የአጥር ጎረቤታችን ኤዶ ሆዳን ሳታንኳኳ ገባች። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ነው፤ ከልጅነቴ እንደዚያ ነው የምጠራት። መክሊትን አንጠልጥላ ተከተይኝ አለችኝ። ሽሮ ጥጄ ነበርና እሳቱን ላጥፋ አልኳት። "ቤቱን ሊያቃጥሉት ነው፣ አንቺ ሽሮ ትያለሽ?" አለችኝ። ፎርሞቹና ይህ ማስታወሻ ያሉበትን ቦርሳዬን ብቻ ይዤ ወጣሁ።

በሷ መስኮት ቀዳዳ ሁሉንም አየሁ። የሐበሻ ቤት እየለዩ የሚዘርፉ ወጣቶች ናቸው፤ ፍራሼን ሁለት ሆነው ተሸክመው ሄዱ። ልብስ ሰፊውን ጋሽ ተክሌን ከሱቁ ጎትተው አውጥተው በብረት ደበደቡት። ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ወደቀ፤ አልተነሳም። ባለፈው ሳምንት የመክሊትን ዩኒፎርም አሳጥሮልኛል። የመክሊትን ዓይን በእጄ ሸፈንኩ፤ የኔን የሚሸፍን አልነበረም።

ወደ እኛም መጡ። ኤዶ በርጩማዋን በሩ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሶማሊኛ እሰማለሁ። ማገኔ ናቸው አለቻቸው። ማገን በአንድ ሰው የተጠለለ ማለት ነው፤ እሱን የነካ ያስጠለለውን ነካ ነው ደንቡ። ተሳደቡ፣ በሩን በዱላ መቱ፣ ሄዱ።

ግርማ አልመጣም።

እሁድ

ስልክ አይሠራም። ጎረቤቶች የሞቱትን ስም ከአጥር አጥር ይቀባበላሉ፤ የግርማ ስም የለበትም። ክርስትና የተነሳሁበት ቤተ ክርስቲያን ነዷል። ሄጄ ልፈልገው አልኳት ኤዶን። ማገን ከቤት አይወጣም፣ ከወጣ ቃሌ ምን ዋጋ አለው አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ተነጫነጭኩባት። እንግዳ ሆኜ የቤቱን እመቤት አማረርኳት።

ሰኞ

ይህን መጻፍ አልፈልግም።

ብቻዬን እንደምወጣ ስታውቅ ተሸነፈች። በራሷ ገርባሳር፣ በዚያ ሰፊ ሻርፕ፣ ከራሴ እስከ ጉልበቴ ሸፈነችኝና መክሊትን ለጎረቤቷ አደራ ሰጥታ አብራኝ ወጣች። አንገትሽን ድፊ፣ የሚያናግር እኔ ነኝ አለችኝ። ሁለት የወጣት ቡድን አለፍን፤ ማንም ልብ አላለንም። ከዚያ የተቃጠለው ቤተ ክርስቲያን ፊት ደረስን። በሩ ጠቁሮ ቆሟል። እኔ፣ በገርባሳር የተሸፈንኩት፣ ጎንበስ ብዬ አማተብኩ። ሳላስበው ነው። እጄ ከሕፃንነቴ ጀምሮ እዚያ በር ላይ የሚያደርገውን አደረገ።

ከኋላችን የሚመጡ ወጣቶች አዩኝ። ሻርፑን ገፈው ፀጉሬን ያዙኝ፤ ወገቤን በእርግጫ መቱኝ። ኤዶ መሃል ገባች። ማገኔ ናት እያለች ጮኸች። አንዱ አንቺም እንደነሱ ነሽ ብሎ ብረቱን ሲሰነዝር በቀኝ እጇ መከተች። ሲሰበር ሰማሁት። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ከሱቅ ወጥቶ የአባታቸውን ስም እየጠራ ሲረግማቸው ለቀቁን።

እስከ ቤት አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ

ፍልሰታ ገባች። መከላከያ ከተማ ውስጥ ነው።

ግርማ መጣ! ግንባሩ ተፈንክቷል፣ ጭቃ ነው፣ ግን በእግሩ መጣ። ቅዳሜ ሲያባርሩት የትምህርት ቤቱ በርካ ውስጥ፣ ውሃ ማጠራቀሚያው ጉድጓድ ውስጥ ዘለለ። ደርቆ ነበርና ሦስት ቀን እዚያ ተኛ፤ ዘበኛው ሶማሌ ነው፣ ዳቦ በገመድ ያወርድለት ነበር። ሞልቶ ቢሆን ሰጥሜ ነበር አለኝ። በየወሩ ውሃ የለውም እያለ ሲያማርርበት የኖረው በርካ። እየሳቅሁ አለቀስኩ።

ኤዶ በግራ እጇ ሩዝ በዘይት ሠርታልኝ ነበር። ጾማችሁ ነው አለችኝ። ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

ረቡዕ

ቤታችን ግድግዳው ቀርቷል። ግርማ ግቢ ውስጥ ደብተሩን አገኘው፤ ተረግጧል እንጂ አልተቃጠለም። ሰላም፦ ጅጅጋ። ሁለት ጊዜ የተሰመረበት። አንድ ነገር ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ገጹን አጠፈውና ኪሱ ከተተው። የራሱን ፎርም ሞልቷል።

ኤዶን ምን ላድርግ አልኳት። ተቆጣች። "ሂጂ። እኔ ስድሳ አልፎኛል፣ የቀረኝም አንድ እጅ ነው። ሌላ ቀን ቢመጡ በምን ልመክትልሽ ነው?" አለችኝ። ትክክል ናት። መክሊት ከቅዳሜ ጀምሮ በር በተንኳኳ ቁጥር አልጋ ሥር ትገባለች። መሄድ አለብን፤ ይህን ለመጻፍ መስመር ማስመር አያስፈልገኝም።

ወጌሻው አርባ ቀን አታንቀሳቅሺው ብሏታል። ልጆቿ ድሬዳዋ ናቸው። ዛሬ ፀጉሯን አበጠርኩላት፣ ሻሿን አሰርኩላት፣ ለሶላት ስትታጠብ ውሃ አፈሰስኩላት። ዘወር ብላ ነገም ትመጫለሽ አይደል አለችኝ።

እመጣለሁ አልኳት። የኔ ፎርም ባዶውን ቦርሳዬ ውስጥ ነው።