ሁሉም ውጤት ንጹህ

ጥቅምት 4

ሦስት በርሜል ፈሳሽ ሳሙና መለስኩ። ቆዳ የሚያቃጥለው አልካሊ ከልክ አልፏል። የማምረቻው ኃላፊ፣ አረፋ እስካወጣ ድረስ ያው ሳሙና ነው ይለኛል። እንዲህ የሚያስብ ነው ኃላፊ የሚሆነው! ሠራተኞቹ «አቶ ይደገም» ብለው ስም አውጥተውልኛል። ይበሉ። ላብራቶሪዬ ካላገኘው ነገሩ የለም እላለሁ፤ እስካሁንም አላፈርኩም።

ቤት ስገባ ሚስቴ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላ ጭኗ መሃል ይዛ ተጋድማለች። ብልቴ አፍ ላይ እሳት አለ፣ አያስቀምጠኝም ትላለች። ሁለት ዓመት አለፈው። እሳት... ቁስል የለ፣ እብጠት የለ። እሳት ከየት ይመጣል?

ጥቅምት 9

አራተኛው ሐኪም። የት እንደሚያማት ሲጠይቃት ወለሉን ታያለች። እኔ መለስኩለት። ሽንት፣ ደም፣ አልትራሳውንድ... ሁሉም ንጹህ። ጭንቀት ይሆናል ብሎ ማስታገሻ ጻፈላት። ታክሲ ውስጥ፣

«ምንም የለብሽም» አልኳት።

«ደስ አለህ?» አለችኝ።

ምን ማለት ነው?

ጥቅምት 15

ኃይለኛውን ፈሳሽ ሳሙና በጠርሙስ ከፋብሪካ አመጣሁላት። ለሆስፒታል የምንሠራውን። ጠዋትና ማታ ትታጠብበት። ያቃጥለኛል አለች። ጀርም የሚገድል ነገር ያቃጥላል አልኳት። የውሃው ድምፅ እስኪቆም መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ካልቆሙባት አታደርገውም።

ኅዳር 2

ልጃችን አግብታ ወደ ለቀቀችው ክፍል ሚስቴ ገባች። አልጋ ለየች ማለት ነው። እኔን ካልፈለግሽ በግልጽ ተናገሪ፣ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ምን ያንከራትተናል አልኳት። በሌለ በሽታ እድሜ ልክ ሊተኛ የሚችል ሰው የለም... አንሶላዋን አጠፈች። ጥሩ አድርጋ አጠፈች።

ኅዳር 11

ታናሽ እህቷ (እኔ «ጠበቃዋ» እላታለሁ) ሴት ሐኪም አገኘሁ ብላ መጣች። አብሬ ሄድኩ። ከመጀመሪያው ማስረዳት ጀመርኩ። ሐኪሟ የልጄ እኩያ ናት።

«ጌታዬ፣ የሚያመው እርስዎን ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ውጭ ይጠብቁን።»

ጠበቃዋ ሳቋን በሳል ሸፈነችው።

ኮሪደር ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ጩኸት ሰማሁ። ከዚያ ልቅሶ። ረጅም ልቅሶ። ስጠራ ገባሁ። በእንጨት ጫፍ ላይ የተጠቀለለ ጥጥ ነው አሉ የነካት፤ በጥጥ ነው የጮኸችው። የነርቭ ሕመም ነው፣ ስም አለው፣ መነሻው አይታወቅም፣ ይታከማል አለች ሐኪሟ። ምርመራው ሁሉ ንጹህ ነበር እኮ አልኳት።

«የሚያማትን ቦታ እስከዛሬ አንድም ሰው አልነካውም። ሽንትና ደም ነው የመረመራችሁት።»

ከዚያ በምን እንደምትታጠብ ጠየቀች። ሚስቴ ወደ እኔ ዞረች። ለሆስፒታል በምንሠራው ሳሙና መሆኑን ነገርኳት።

«ሳሙናውን የት ላይ ነው የሞከራችሁት?» አለችኝ ሐኪሟ።

«እጅ ላይ።»

ሌላ አልጠየቀችኝም። ባዶ ውሃ ብቻ አለች፤ ለነርቩም ክኒን አዘዘች።

ኅዳር 12

ሳሙናው እንደሚጎዳት ማን ነገረኝ? ያቃጥለኛል ማለት ብቻ ይበቃል? ሁሉም ነገር ያቃጥላታል!

የሳሙናውን ጠርሙስ ደፋሁት። ታች በቀረችው ጠብታ እጄን ታጠብኩ። ምንም አላቃጠለኝም።

ታኅሣሥ 20

የክትትል ቀጠሮ ነበራት። ኮቴን ለበስኩ።

«አንተ አትምጣ» አለች።

«ለምን?»

«አንተ ካለህ ዝም እላለሁ።»

ጠበቃዋ በሩ ላይ ቁልፍ እያንቃጨለች ትጠብቃታለች። «ጋሼ፣ ምሳዎ ምድጃው ላይ ነው» ብላኝ ወጡ። ለሕፃን እንደሚባለው።

ጥር 17

ክኒኑ ሠርቷል መሰለኝ። ስለ ሕመሙ አልጠይቅም፤ አትነግረኝም።

ዛሬ ከሥራ ቀደም ብዬ ገባሁ። ወጥ ቤት ሳቅ አለ። የሷ ሳቅ ነው... መጀመሪያ የጎረቤት መስሎኝ ነበር። በሩን ገፋሁ። የእንጨቱ ወንበር ላይ እግሯን አነባብራ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች፤ እህቷ ዕንባዋን ትጠርጋለች፤ ከሳቁ ይሁን ከሽንኩርቱ እንጃ። ሳቁ ቆመ።

ሚስቴ ተነሳች። «ምግብ ላቅርብልህ?» አለች፤ እንደ እንግዳ።

«ተቀመጪ» አልኳት።

ቢላዋውን ይዛ ቆማ ጠበቀች። ውሃ ቀዳሁ፣ ጠጣሁ፣ ብርጭቆውን አለቀለቅሁ። አልተቀመጠችም። ወጥቼ በሩን ስዘጋ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ።