ቁልፉን ያስረከብኩበት ማክሰኞ

ይድረስ ለእትዬ፣

ካለሽበት ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ካለፈው ወር ይልቅ ዛሬ በጣም ደህና ነኝ። አባባም መብሉን አልተወም፤ ሌቱና ቀኑ ብቻ ተምታቶበታል።

ከሥራ ተባረረች ሲሉ ሰምተሽ ደንግጠሻል አሉ። ወሬ እግር አለው፤ እውነቱን ከእኔ ስሚው።

የተማሪ ሰርቪስ መንዳት ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው፤ መኪናዬን አንድም ቀን ጭሬው አላውቅም። ካለፉት አራት ወራት ወዲህ ግን አባባ ሌሊት ስለማይተኛ የእኔም እንቅልፍ ሁለት ሰዓት ቢሞላ ነው። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ስኳሩን ፍሪጅ፣ ወተቱን ቁምሳጥን ውስጥ አስቀምጬ በራሴ ስቄያለሁ። አንድ ጠዋት ድስት እሳት ላይ ጥጄ ወደ ሥራ ሄድኩ፤ ቀን ቀን አባባን የምታይልን ጎረቤታችን ባትደርስ ቤቱ ባልተረፈ። ያኔም አልነቃሁም።

ማክሰኞ ጠዋት ሃያ ሦስት ልጆች ይዤ ቀይ መብራት ላይ ቆምኩ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ረዳቴ የእጅ ፍሬኑን ስባ ትከሻዬን ስትነቀንቀኝ ነው። እግሬ ከፍሬኑ ተንሸራቶ መሀል መንገድ ገብተናል። አንድ የጭነት መኪና አፍንጫችን ሥር ቆሞ ጡሩምባውን ያንባርቃል። ከኋላ አንዷ ትንሽ ልጅ ደረስን ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ገና ነው አልኳት።

መኪናውን ጥግ አስይዤ ሞተሩን አጠፋሁና ለስምሪት ኃላፊው ደወልኩ። ሌላ ሾፌር ላክ ስለው ፊትሽን ታጠቢና ቀጥይ፣ ሰው ሁሉ ያንቀላፋል አለኝ። ሰው ሁሉ የሰው ልጅ ከኋላው አልጫነም፣ እኔ ከእንግዲህ አንድ ሜትር አልነዳም ብዬ ዘጋሁበት። ልጆቹን ኋላ ላይ የላከው ሌላ ሾፌር መጥቶ ወሰዳቸው። እኔም የሆነውን አንድም ሳልደብቅ ጽፌ ቁልፉን አስረከብኩ።

ማንም አላባረረኝም እትዬ፤ ራሴ ነኝ የወረድኩት። ኃላፊው ሁለት ቀን አኩርፎኝ በሦስተኛው መጣና እሱም አንድ ጊዜ ተኝቶ ሲነዳ ገደል አፋፍ ላይ እንደነቃ በለሆሳስ አጫወተኝ። አሁን ጋራዥ ውስጥ ጎማና መብራት እፈትሻለሁ። ያየችኝ ሐኪም አንድ ወር በደንብ ሳትተኚ መሪ እንዳትነኪ ብላኛለች። አልተከራከርኳትም።

ወደ አንቺ ልምጣ። አልለማመጥሽም፤ ተራሽ ነው። ለአባባ ያለነው እኔና አንቺ ብቻ ነን። ቅዳሜ አልጋውንም እሱንም ይዤልሽ እመጣለሁ፤ አንድ ወር አንቺ ጋ ይሰነብታል። ካገባሁ ወዲህ አባባ ስሜን መስማት አይፈልግም ያልሽኝን አልረሳሁትም፤ በዚያ ነገር አልገባም።

ሌሊት ሌሊት ግን እየተነሳ የውጭውን በር ይከፍታል። ለምን ስለው ልጄ ደጅ ቀርታለች፣ ትግባ ይለኛል። እጁን ይዤው ቆሜ ነው እንዲህ የሚለኝ።

ቤትሽን ሰላም ያድርገው፤ ልጆችሽ ይደጉልሽ፤ ለሁላችንም ጥሩ እንቅልፍ ይስጠን።

ታናሽሽ