ታርጋ የሌለው ፈረስ

ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

አማቼ ሳይታከሙ ወደ አገራቸው ከተመለሱ ሁለት ሳምንት ሆነ።

ለተከበሩ አቶ አብነት፣ የደጋ ፀሐይ የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ሊቀ መንበር፣
ቀየት ከተማ

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? በተለይ ጉልበትዎ? ጉልበት ለሰው ልጅ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ሰሞኑን ከአማቼ ስለተማርሁ ነው መጠየቄ።

አማቼ አቶ ሀብተ ማርያም፣ እንደሚያስታውሱት፣ ጉልበታቸውን ሊታከሙ ከጓሳ ሥር ካለው መንደራቸው በፈረስ መጡ፤ በእግራቸው መምጣት ቢችሉማ ሕክምናው ምን ይሠራላቸዋል። ቀጠሯቸው ለማግስቱ ስለነበር እኔ ዘንድ ሊያድሩ ነበር። የግቢያችን ጥበቃ ማሙሽ ግን «አባባ፣ በእኔ አይፍረዱ፤ ታርጋ የሌለው አይገባም ተብያለሁ» አላቸው። እሳቸውም «የእኔን ፈረስ አገር ያውቀዋል፤ ታርጋ ምን ያደርግለታል?» አሉት። ያን ጊዜ እርስዎ ከደጃፍዎ ብቅ ብለው «ፈረስ ተሽከርካሪ አይደለም፤ ታርጋም አይሰጠው፤ አይገባም» በማለት ሁላችንንም አስተማሩን። አማቼ ፈረሳቸውን ውጭ አሳድረው ለጅብ ከመስጠት መመለሱን መረጡ። «እንግዲህ ጉልበቴ ይቆየኝ» ብለው ዞሩ። ባለቤቴ ጽናት ከዚያ ቀን ወዲህ እኔን የምታየኝ ያንን በር በምታይበት ዓይን ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን ጥቃቅን ነገሮች በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. ቤቱን ከወይዘሮ እመቤት ስገዛ መተዳደሪያ ደንቡን እንዲያሳዩኝ ብለምንዎት «ከገቡ በኋላ ይደርስዎታል» ብለውኝ ነበር። እኛ በግ እንኳ ስንገዛ ጥርሱን አይተን፣ ሽንጡን ዳብሰን ነው። ደንቡ በመጨረሻ ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። አንብቤዋለሁም፤ ለዚህ ግን ይቅርታ። ቤት የገዛ ሰው የሻጩን መብትና ግዴታ ሁሉ ይወርሳል ይላል። ግዴታውን ገና በገባሁበት ሳምንት አስረክበውኛል፤ መብቱ በየት በኩል እንደሚመጣ ቢጠቁሙኝ ወጥቼ እቀበለዋለሁ።

፪ኛ. በደንቡ ውስጥ ስለ ፈረስ የሚናገር አንድም አንቀጽ የለም። አዲስ ክልከላ የሚያወጣውም ጠቅላላ ጉባኤው እንጂ ኮሚቴው እንዳልሆነ ተጽፏል። እርስዎ ግን ጉባኤውን እሑድ ጠዋት በቅዳሴ ሰዓት ይጠሩና፣ አባላቱ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ «ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም» ብለው ብቻዎን ይወስናሉ። ለነፍሳችን ስላሰቡልን እግዜር ይስጥልን። በአማቼ አገር የጓሳ ሰዎች የግጦሽ ሳሩን ሲከለክሉ በአደባባይ አስነግረው፣ የከልካዩም ከብት እንዳይገባ ጨምረው ነበር። ምናልባት ያልሠለጠኑ ስለነበሩ ይሆናል።

፫ኛ. የመኪና ማቆሚያዎቻችን በነጭ ቀለም ተሰምረው እጅግ ያምራሉ። በግቢያችን መኪና ያለው ሰው ባይኖርም የእርስዎ ቤት ገብስ ይሰጣባቸዋል፤ ገብሱ ታርጋ ይኑረው አይኑረው አላጣራሁም። ከእነዚህ ማቆሚያዎች ሰባተኛው ከቤቴ ጋር የገዛሁት ነው፤ በውሌ ላይ ሰፍሯል።

፬ኛ. ይህን ልጀምር ስል ጽናት ከደጅ ተጣራች። አማቼ ሌላ ቀጠሮ ተሰጥቷቸው መጥተዋል፤ በሩ ላይ ናቸው፤ ከፈረሱም አልወረዱም። አራተኛው ነጥብ ይቆየን። ገብስዎን ከሰባተኛው ማቆሚያ ወደ ስድስተኛው ገፋ አድርጌ በሩን ልከፍት እየወጣሁ ነው። ደብዳቤውንም እዚያው በሩ ላይ እለጥፈዋለሁ።

ለርኅራኄዎ፣ ለአርቆ አሳቢነትዎና በተለይም ለበርዎ ጥልቅ አክብሮት ያለኝ፣ ግዴታዬን ተወጥቼ መብቴን የምጠባበቅ፣

ትዕዛዙ ወዳጆ
የቤት ቁጥር 7

ማስታወሻ፦ ባለፈው ጥር ተሸልሞ፣ ልጅዎን በሠርጉ ቀን በዚሁ በር ይዞት የገባው ዳማ ፈረስ ይኸው የአማቼ ፈረስ ነው። ያን ዕለት ታርጋ ስላልጠየቁት ሳላመሰግንዎ ቆይቻለሁ። ታናሽየው ደግሞ ለመጪው ጥር እንደሚዳር ሰምተን ደስ ብሎናል። ፈረሱን የሚፈልጉት ከሆነ ጥያቄዎን ለጠቅላላ ጉባኤ ያቅርቡ፤ እሑድ ጠዋት፣ በቅዳሴ ሰዓት።