አላውቀውም ያልኩት ጎረቤቴ

ጥቅምት 28፣ ረፋድ 4፡30

ከጧት ጀምሮ ሦስት ልደት መዘገብኩ። አንድ ጋብቻ። የማኅተሙ ቀለም እየደረቀ ነው፤ አዲስ ከጠየቅኩ ወር ሆነኝ።

እትዬ ስንዱ መጣች። የጎረቤቴ የዘነበ ሚስት። ዘነበ የውሃ ፓምፕ መካኒክ ነበር፤ በጦርነቱ ጊዜ ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። በየሁለት ሦስት ወሩ ጽ/ቤት ትመጣለች። ያው ጥያቄ ነው፤ ከእስር የተፈቱ ሰዎች ዝርዝር መጣ ወይ። አልመጣም እላታለሁ፤ ትሄዳለች። ዛሬ ግን አልሄደችም። ልጇ ልታገባ ነው። የሙሽራው ሽማግሌዎች አባትየው አለ ወይስ የለም ብለው ጠይቀዋታል። የነፍስ አባቷ ደግሞ ተዝካሩን አውጪ ይሏታል። በቁሙ ተዝካር አላወጣበትም ትላለች።

«ሷሊህ፣ አንተ የመንግሥት ሰው ነህ። እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ ይመጣል?»

አላህ ያውቃል አልኳት።

ማስታወሻዬ፣ እኔም አውቃለሁ።

ጥቅምት 29፣ ከሰዓት

ቢሮ አልገባሁም። አሞኛል ብዬ ደወልኩ። ባለቤቴ ሐዋ ግንባሬን ዳሰሰች። ትኩሳት የለህም አለች።

ማስታወሻዬ፣ አንተ ላይ እንኳ ጽፌው አላውቅም። ልጻፈው።

ያን ቀን እኔና ዘነበ ከሮቢት ወደ ቆቦ በእግራችን እየተመለስን ነው። መኪና የለም። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ሆኗል። ደረቁ ወንዝ ጋ ስንደርስ ታጣቂዎች አስቆሙን። ቀድመው የያዟቸው አራት ሰዎች መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ማን ናችሁ፣ የየት ናችሁ።

አባቴ የመናዊ ነጋዴ ነበር። እናቴ የራያ ልጅ። ተወልጄ ያደግኩት ቆቦ። ልጅ ሆኜ «ዓረቡ» ካለኝ ሁሉ ጋር ስደባደብ ነው የኖርኩት። ያን ቀን ግን በገዛ አፌ ዓረብ ነኝ አልኩ። የሰው አገር ሰው ነኝ፣ እኔን አያገባኝም አልኩ። መልኬን አይተው አመኑኝ። አንዱ በአፈሙዙ ወደ ዘነበ አመለከተ።

«ይሄስ ያንተ ነው?»

«አላውቀውም።»

ዘነበ ወደኔ ዞሮ እንኳ አላየም። ለሰውየው ነው የመለሰው። «እውነቱን ነው፤ አያውቀኝም።»

ሂድ አሉኝ። ሄድኩ። መቶ እርምጃ ሳልርቅ ተኮሱ። ዞሬ አየሁ። አምስቱንም። ማን ቀድሞ እንደወደቀ፣ ማን እጁን እንዳነሳ፣ ሁሉንም አየሁ።

በሦስተኛው ቀን ገበሬዎች እዚያው ቀበሯቸው። ከሩቅ ቆሜ አየሁ። አካፋ አልያዝኩም። ወደ ቤት ስመለስ እትዬ ስንዱ ደጅ ቆማለች። ዘነበን አየኸው ወይ አለችኝ። አላየሁትም አልኩ። ይኸው አራት ዓመቴ።

ኅዳር 2፣ 11 ሰዓት

ትናንት ለሐዋ ነገርኳት። አለቀሰች። ከዚያ፣ ይህን ይዘህ እንዴት ስትሰግድ ኖርክ አለች።

ዛሬ እትዬ ስንዱ ቤት ሄድኩ። ምስር እየለቀመች አገኘኋት። ቆሜ ነገርኳት፤ ተቀመጥ ብትለኝም አልተቀመጥኩም። እሪ ትላለች ብዬ ነበር። አላለችም። ምስሩን መልቀሟን ቀጠለች። የመጨረሻ ቃሉ ምን ነበር አለችኝ። ያለውን እንዳለ ነገርኳት።

«እሱስ ላንተ ሲል ዋሸ» አለች። «አንተ ግን አራት ዓመት ሙሉ እኔን ነው የዋሸኸኝ።»

ውጣልኝ አለች። ወጣሁ። የግቢው በር ጋ ሳልደርስ ቦታውን ታሳያለህ አለችኝ ከኋላዬ። አሳያለሁ አልኩ።

ኅዳር 5

አሳየሁ።

ወንድሟ፣ የነፍስ አባቷ፣ ያኔ የቀበሩት ሁለት ገበሬዎች አብረውን ነበሩ። ዛሬ አካፋ ያዝኩ። ከረፋድ እስከ ቀትር ቆፈርን። ዘነበን ያወቀችው እሷ ናት። ሱሪው ጉልበቱ ላይ በአረንጓዴ ክር ተጥፏል፤ የጣፈችው ራሷ ነበረች። ጥቁር ክር ስላለቀብኝ ነው አለች፣ ይቅርታ የምትጠይቅ ይመስል። ያኔ ጮኸች። የአራት ዓመቱን እሪታ።

የሌሎቹን አራት አፅም ቄሱ ጸልየውበት መልሰን አፈር አለበስነው። የሚጠይቅ ዘመድ እስኪመጣ።

እጄ ውሃ ቋጥሯል። መጻፍ አልቻልኩ

ኅዳር 6፣ ከቀብር መልስ

በኛ አገር ክርስቲያኑ የእስላሙን፣ እስላሙ የክርስቲያኑን ሬሳ ይሸከማል። ሳጥኑን ላነሳ ጠጋ አልኩ። ወንድሟ መዳፉን ደረቴ ላይ አኖረ። አልገፋኝም። አልተቆጣም። «አንተ ተወው» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ከኋላ ተከተልኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሜ አለቀስኩ።

ኅዳር 12፣ ከቀኑ 9፡00

እትዬ ስንዱ የሞት ምስክር ወረቀት ለማውጣት መጣች። ጥቁር ለብሳለች። ሰላም አላለችኝም። መዝጋቢ ምስክር መሆን አይችልም፤ ወንበሬን ለሥራ ባልደረባዬ ለቅቄ ከባለጉዳዮች ጋር ተቀመጥኩ። የሞት ምክንያት የሚለው ላይ ሲደርስ ባልደረባዬ እስክሪብቶውን አነሳ። ባዶ እንተወው ወይ አለ፣ እኔን እያየ። ነገር እንዳይመጣብህ ማለቱ ነው። በጥይት ተገድሎ ብለህ ጻፍ አልኩት። ስሜን ከነአባቴ ጽፌ ፈረምኩ።

ወረቀቱን አጥፋ መቀነቷ ውስጥ አስገባች። ደጅ ድረስ ተከተልኳት። እነዚያ አራቱም እናት አላቸው አለች። የምታውቀው አለ?

አንዱን። ታጣቂዎቹ ሲጠይቁት ስሙንና አገሩን ሲናገር ሰምቻለሁ። የጎብዬ ልጅ ነው። ኋላ አጠያይቄ ደረስኩበት፤ እናቱ ዛሬም ገበያ ላይ በርበሬ ትሸጣለች። እሷን ላለማየት ጎብዬ መውረድ ከተውኩ ቆየሁ።

ነገ እሄዳለሁ አልኳት። አብሬህ እሄዳለሁ አለች። ይቅር ያለችኝ መስሎኝ ዓይኔ እንባ ሞላ።

«ብቻህን ከሄድክ ከመንገድ ትመለሳለህ» አለች።

ነገ ጧት 2 ሰዓት። ሚኒባስ መነሻው ጋ ትጠብቀኛለች።