የመምህሩ ስም ማን ነው?

ሰኞ፣ ኅዳር 3፤ ከሰዓት

የበግ ጸጉር ስፈትል ዋልኩ። የበጉ ሽታ እጄን አልለቅ ብሏል፣ ወረቀትሽም ሊሸት ነው፤ ቻይኝ እንግዲህ፣ ደብተሬ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኔትወርክ ፍለጋ ቤ/ክ ጀርባ ካለው ጉብታ ወጣሁ። የዩኒቨርሲቲ ምደባው ወጥቷል። ሬሜዲያል።

ለማለፊያው ጥቂት ነጥብ ጎድሎኝ ስለነበር ሌላ አልጠበቅኩም። ግን ስሜን ከዚያ ቃል ጎን ሳየው ቅጥል አልኩ። የአስራ ሁለተኛን ት/ት እንደገና፣ ከዚያ ፈተና። ካለፍኩ አንደኛ ዓመት፤ ከወደቅኩ ወደ ቤት። ሰላም በቀጥታ ገብታለች። ያቺው አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ የተማረችው ሰላም። ደውላ እንኳን ደስ አለሽ አለችኝ። ምኑ ነው ደስ የሚለው! አመሰገንኳት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ሌላም በር አለ። ከተማ ያለው ኮሌጅ ለእንስሳት ጤና ይቀበለኛል፣ ደረጃ አራት። ቅርብ ነው፣ የሚያስፈራ ነገር የለውም፣ ሲጨርሱ ሥራ አይጠፋም ይላሉ። የሁለቱም ምዝገባ በመጪው ሳምንት ያልቃል። አንዱን ስይዝ ሌላው ይሄዳል።

እማዬ ለጎረቤት ምን ስትል ሰማኋት መሰለሽ? ልጄ አንደኛውን ዘላ አራተኛው ልትገባ ነው! ኧረ በስመአብ። እማዬ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ከደረጃ አራት በላይ ነው አልኳት። ታዲያ ወደ ኋላ የሚቆጥረው ማን ነው አለችኝ።

እኔ የምፈልገው ዲግሪውን ነው፣ የእንስሳት ሕክምና። ምክንያቴን ታውቂያለሽ። አምና ላማችን ስታምጥ ጥጃው ተጣመመባት። የመጣው የጤና ሠራተኛ ጨዋ ልጅ ነው፣ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ሞከረ። መጨረሻ ላይ ይሄ የሐኪም ሥራ ነው ብሎ ስልክ መደወል ጀመረ። ሐኪሙ ሌላ ወረዳ ነበሩ። ሲደርሱ አልቃለች። እኔ የሚደወልላት መሆን ነው የምፈልገው፣ የምትደውለዋ አይደለም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ለአባባ ነገርኳቸው። አባባ የደብሩ ቅኔ መምህር ናቸው፣ ከየአገሩ የመጣ ተማሪ እግራቸው ሥር ይቀመጣል። እነሱ ዘንድ ተማሪ መጀመሪያ ቁጭ ብሎ መምህሩን ይሰማል። ልቡ ከወደደ ይቆያል፤ ካልወደደ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ ወደ ሌላ መምህር ይሄዳል። ስለዚህ ስለ ዲግሪም ስለ ደረጃም አልጠየቁኝም። የኮሌጁ መምህር ማን ነው? የዩኒ.ውስ?

አላውቅም አልኳቸው። ዩኒ.ው በመኪና ሁለት ቀን ነው፣ ከየት አውቄ? ያለ መምህር እማራለሁ ያልኳቸው ይመስል አዩኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 7፤ ማታ

ወይ ጉድ! አባባ በማለዳ በአይሱዙ ተጭነው ኮሌጁ ሄደው አሁን ገቡ። ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ውለዋል! ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ የመጨረሻው ዴስክ ላይ። ተማሪው በሙሉ ብድግ። መምህሩ ተቆጣጣሪ የመጣበት መስሎት ሲንተባተብ ቆይቶ፣ ለመስማት ብቻ ነው ሲሉት ረጋ አለ። እዚያ ብኖር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

ግን ወደውታል። መምህሩ የበግ ጥርስ አሳይቶ ዕድሜዋን ጠየቀ አሉ። አንዷ ልጅ ጠፋባት። ወደ ሌላ አላለፈም፣ ቆሞ ጠበቃት፣ መለሰች። አባባን የገዛቸው ይሄ መጠበቁ ነው።

ከዚያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ልጄ ልጅዎ ናት ብለው አስረክበውኝ መጡ! ተማሪ ለመምህር እንደሚሰጠው። እኔ ፈትዬ አባባ ያሠሩት አዲሱ ባና፣ የጸጉር ብርድ ልብሱም፣ እጅ መንሻ ሄዷል። ጠዋት ስፈልገው ያጣሁት ለካ ለዚህ ነው።

ማን ጠየቀኝ? ድብን አልኩ። ራት አላቀርብም አልኩ። አቀረብኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 9

ከቅዳሴ መልስ ለአባባ ተማሪዎች ቂጣ ይዤ ወረድኩ። በቅርብ ከወሎ በኩል የመጣ ጺማም ሰውዬ አለ። እዚያ ተመርቆ ራሱ መምህር ነበር አሉ። እዚህ ግን ከጉባኤ ቃና ጀምሯል፣ ከሁለት መስመሯ የጀማሪ ቅኔ። አብረውት የሚቀመጡት ልጆቹን ያክላሉ። ትናንት ሲሳሳት ሳቁበት።

አፌ አያርፍ፣ አያሳፍርም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ማፈርማ አፍራለሁ አለ፤ የመጣሁ ሰሞን ቀና ብዬ ሰው አላየሁም። ታዲያ ምን አስጀመረህ አልኩት። የየኔታን መንገድ ከሥሩ ካልያዝኩ መሀሉ አይገባኝም አለኝና ቂጣውን ተቀበለ። ጨው በዝቶበታልም አለ፣ ደፋር!

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ሬሜዲያልን የጠላሁት ት/ቱን ጠልቼ አይደለም። ሰላም አንደኛ ዓመት ሆና እኔ ከእሷ በታች መቀመጤ ነው ያንገበገበኝ። ይሄን ስጽፍልሽ ፊቴ ጋለ። እሺ፣ እሱስ ይቅር።

የቀረው ፍርሃት ግን የእውነት ነው። ብወድቅ ዩኒ.ም የለም፣ ኮሌጁም የለም። ከደረጃ አራት ሠርቶ ኋላ ወደ ዲግሪ ማደግ ይቻላል ይላሉ። ይቻል ይሆናል። እኔ ራሴን አውቃለሁ፤ ደመወዝ ከለመድኩ የምነሳ አይደለሁም።

ጉባኤው ሲበተን አባባን ያዝኳቸው። ጺማሙን ሰውዬ ለምን ከታች አስጀመሩት አልኳቸው። ከመሀል የጀመረ ሁልጊዜ የሚጎድለው አለ አሉ። እኔም ከታች፣ ከሬሜዲያሉ ልጀምር አልኩ።

መቋሚያቸውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወሩ። ብትወድቂስ? ወድቄ እመጣለኋ። እኔ እኮ ቃሌን ሰጥቻለሁ አሉ። ድምፃቸው ቀጠነ። አባባ የሰጡትን ቃል ሲያነሱ አይቼ አላውቅም። አንጀቴን በሉት። ልተወው ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አላልኩም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11፤ ማለዳ

እማዬ ዕቃዬን እያሰረች ነው። ከአራተኛ ወደ አንደኛ የወረድኩበትን ምክንያት ለጎረቤት ስታስረዳ እሰማታለሁ።

አባባ ከሁላችን ቀድመው ተነስተው ጫማቸውን አድርገዋል። ኮሌጁ ሊሄዱ ነው። ይደውሉለት ብል አይሆንም አሉ፤ በአፌ የሰጠሁትን በአፌ ነው የማነሳው። ባናው እዚያው ይቅር አሉ፣ ደህና መምህር ነው፣ ይገባዋል። አይሱዙው እስከ ሞላሌ መናኸሪያ አብሮ ይወስደናል። ከዚያ እሳቸው ወደ ሰሜን፣ እኔ ወደ ደቡብ።

አልተቆጡብኝም። አልመረቁኝምም ገና። አንድ ነገር ብቻ አዘዙኝ፤ እንደደረስሽ የመምህርሽን ስም ጠይቀሽ ደውዪልኝ፣ በጸሎት ላስበው። የክርስትና ስሙን።

እስቲ አሁን መምህርን እንዴት ብዬ ነው የክርስትና ስምዎ ማን ነው የምለው? ክፍሉ በሙሉ ይስቅብኛል። መኪናው ጡሩንባ ነፋ፣ አባባ እየጠሩኝ ነው።

እጠይቃለሁ።