ሁለታችንም በልተናል

ኮልፌ፣ መጋቢት ፲፩ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለገብረወልድ፤ ደናኔ፣ እስረኞች ሰፈር

እንደምን ከርመሃል? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ቤታችንም ክዳኑ ከማፍሰሱ በቀር እንደነበረ ነው። ሰው ፊት ሁልጊዜ አንቱ ብዬህ ነው የኖርኩት። የዛሬው ልመናዬ ግን በአንቱታ የሚሆን አይደለምና አንተ ብልህ አትቀየመኝ። ደብዳቤውን ቀድሞ የሚያነብ አስተርጓሚ እንዳለም ሰምቻለሁ። እሱም አይድከም፣ የጻፍኩት ስለ ምግብ ብቻ ነው።

በዚያ በካቻምናው የየካቲት አፈሳ ከአንተ ጋር የተወሰደው ሰብስቤ ተፈትቶ ባለፈው ሳምንት ቤቴ መጣ። ከሳ፣ ጠቆረ፣ መጀመሪያ አላወቅኩትም። እስር ቤቱ ውስጥ በአንድ ድንኳን እንደነበራችሁ ነገረኝ። የሚሰጧችሁ ሥጋ የእስላም እርድ ስለሆነ፣ አንዳንዴም የግመል ስለሆነ፣ ድርሻህን ለሌላው እየሰጠህ ጋሌታ በሚሉት ደረቅ የጣሊያን ብስኩት ብቻ ትኖራለህ አለኝ። ጋሌታውም ትል ያፈራ ነው። ሌላው እስረኛ ዓይኑን ጨፍኖ ሲውጠው አንተ ረቡዕና ዓርብ ትሉን አንድ በአንድ ትለቅማለህ አሉ፤ ትል ፍስክ ነው ብለህ! ይህን ስሰማ ሳቅሁ፤ ሳቄ ሳያልቅ እንባ መጣ። ከዚያ በኋላ ተናደድኩብህ፣ እስካሁንም አልበረደልኝም።

ድሮም አበላልህ ያስቸግር ነበር። ከእኔ እጅ ካልሆነ ወጥ አትቀምስም። ከአጥሩ ማዶ ያለችው ጉራጌዋ ሸምሲያ ቆጮ ስትልክልን "እኔ እንጨት አልበላም" እያልክ ስታሳፍረኝ ኖረሃል። እሷ ግን አከበረችህ እንጂ አልተቀየመችህም። ልጇን ስትድር ለክርስቲያኑ እንግዳ በጉን እንድታርድ የጠራችው አንተን አይደል? ባሏ በወዲያ በኩል በቢስሚላሂ፣ አንተ በወዲህ በኩል በስመ አብ ብላችሁ አረዳችሁ። ወጡም በየድስቱ፣ ተመጋቢውም በየዳሱ ሆነ። ደግ ሠርግ ነበር።

አሁን እኔን ብታየኝ አታውቀኝም። ጤፍ ከገበያ ሲጠፋ፣ የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው፣ ያንን እንጨት ያልከውን መብላት ጀመርኩ። ሸምሲያ አከታተፉንና አጋገሩን አሳየችኝ። መጀመሪያ ሽታው አልገፋ አለኝ። ኋላ በጎመን ስበላው ኮምጠጥ የሚለው ነገር ከጉሮሮዬ ወዳጅ ሆነ፣ ዛሬ ሲቀር ይናፍቀኛል። ባሏ ከጣሊያኖቹ መጋዘን ሸክም ሲሸከም ማካሮኒ የሚሉትን ተሰጥቶት አመጣልን። ሁለት ባልቴት ከበን አየነው፤ ደረቅ፣ መሐሉ ባዶ። መቼም የሚበላው ተፈጭቶ ነው ብለን በሙቀጫ ወቀጥነውና ገንፎ አገነፋነው። ወፍራም ሙጫ ሆኖ ወጣ። እሱንም በላነው፣ ሆድ ባዶ ይጠላል። እንዲያ ሲሆን ሲሆን፣ ሰው በየአገሩ ለሆዱ ስንት ብልሃት እንዳበጀ አየሁ፤ ድሮ ከአጥሩ ማዶ ያለውን እንኳ አላውቅም ነበር።

ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ሰብስቤ በሄደ በማግስቱ ሸምሲያ ቤት ገብቼ ሥጋ አብይኝ አልኳት። ደነገጠች።

"ሁዳዴ ነው እኮ፣ ሸዋዬ። ሥጋውም የኛ ነው። ነገ ጌታሽ ሲመጣ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?"

"እሱ እንዲበላ ነው የምበላው" አልኳት።

አልገባትም። እኛ በቁርባን የተጋባን መሆናችንን፣ ካህኑ አንድ ሥጋ ናችሁ እንዳለን፣ ስለዚህ የእኔ አፍ ያፈረሰውን ያንተ አፍ ጠብቆ ሊያቆመው እንደማይችል አስረዳኋት።  ከዚያ ከባሏ እርድ የቀረውን ቀይ ሥጋ አውጥታ ከተፈችው፣ በቅቤና በሚጥሚጣ ለወሰችው፣ በኮባ ቅጠል ላይ ከቆጮ ጋር አቀረበችልኝ። እሷ ዞር ብላ እንባዋን ትጠርጋለች፣ እኔ እበላለሁ።

የመጀመሪያው ጉርሻ አንገቴ ላይ ቆመ። ሁለተኛው ወረደ። ሦስተኛው ጣፈጠኝ፤ ይህንንም አልደብቅህም። እንደዚያ ያለ የጣፈጠ ነገር በልቼ አላውቅም፣ አንተ ሳትኖር በመሆኑ ብቻ አዘንኩ።

እንግዲህ ገብረወልድ፣ ጾሙ ፈርሷል። ያፈረስኩትም እኔ ነኝ፣ ኩነኔው በእኔ ይሁን። ከዛሬ ጀምሮ የምትጠብቀው ነገር የለህም። ሥጋውን ብላ፣ ግመሉንም ብላ፣ ትሉንም አትልቀም።

ከዚያ ቀኖናዬን ልቀበል ወደ ነፍስ አባታችን ወደ አባ ገብረአምላክ ሄድኩ። እንደሚቆጡ፣ ስግደት እንደሚቆልሉብኝ አስቤ ነበር። አልተቆጡም። ሁሉን ሰምተው "ሰብስቤ ሌላ ምንም አልነገረሽም?" አሉኝ። አልነገረኝም አልኳቸው። እውነቴን ነው። ከደጅ ስሸኘው፣ አንተ ሰሞኑን እንኳ አንድ ነገር ቀምሰህ እንደሆነ ብጠይቀው "አሁንስ አይርበውም፣ እትዬ" አለኝና ፊቱን አዞረ። እኔ የማልጠይቀው ነገር እንደሌለ ታውቃለህ። ያን ጊዜ ግን አልጠየቅኩትም።

አባም እጄን ይዘው "ልጄ፣ ፍትሐት እናድርግለት" አሉኝ።

"ፍትሐት ለሞተ ነው። እኔ የመጣሁት ስለ መብላት ነው" ብያቸው ነጠላዬን አንሥቼ ወጣሁ። አልተመለስኩም።

ከዚያ ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ ምግብ እየሸፈነ ያመጣልኝ ጀምሯል። ያ ሁሉ ችግር ባለበት ጊዜ፣ አንዷ ንፍሮ፣ አንዷ ቂጣ፣ ሸምሲያ ደግሞ ቆጮዋን። ገብተው ይቀመጣሉ፣ አይጫወቱም። ለምን እንዳመጡት አልጠይቃቸውም። እቀበላቸዋለሁ፣ እበላለሁም።

ይህን ወረቀት ወደ መቋድሾ የሚወርድ ሾፌር አግኝቼ እሰጠዋለሁ። በመንገድ የሚጠብቅ አምላክ እሱንም ያድርሰው፣ አንተንም ከባሕሩ ንዳድ ይጋርድህ፣ የበላኸውን ደም፣ የጠጣኸውን ጉልበት ያድርግልህ። ረጅም ምላሽ አልፈልግም። "በላሁ" ብቻ በለኝ።

ሚስትህ
ሸዋገነት